አሜን የተባለበት እርግማን

ወይዘሮ አገርነሽ ትዳር ከያዙ ጀምሮ ነጠላ ሳይደርቡ የደጃቸውን ደፍ ተሻግረው አያውቁም። የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው «ነጠላ የሌላት ሴት ክዳን የሌለው ድስት ናት» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። በዚያች የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት ግን ዓባይ ማዶ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው መካከል ቆመው ነጠላቸውን ከሚስማሩ ያወርዱታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። ባወረዱት ቁጥር ከልጅ ልጃቸው አልጋ ሥር ጥፍር ሲሚንቶውን ሲቧጥጥ ይሰማል። ሲሰቅሉት ጸጥ ይላል።

«እሺ፣ እሺ፣ ሰቀልሁት!» አሉ፣ ለአልጋው።

ከአልጋው ሥር ያለው ቡላ የሚባለው ውሻ ነው። ቀለሙ እንደ ስሙ ቡላ፣ የፊት ግራ እግሩ ነጭ፣ አንድ ጆሮው ከጫፉ የተሸረፈ፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ ደግሞ ጠጉር የማያበቅል ጠባሳ ተጋድሞበታል። ያመጣችው የልጅ ልጃቸው ሲና ናት። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እሷና ጓደኞቿ የጎዳና ውሾችን ያነሣሉ፣ ያሳክማሉ፣ ቤት ይፈልጉላቸዋል። ለዚህኛው ግን ቤት የሚሰጠው አልተገኘም። ሰው ሲያይ ይንቀጠቀጣል፣ ይሸናል፣ ሲጠጉት ጥርሱን ያሳያል።

ሲና ለትምህርቷ የሩዝ ማሳ ልታይ ይፋግ ከሄደች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ዓርብ እመለሳለሁ ብላ፣ ዓርብ ዕለት ስልክ ደወለች።

«እምዬ፣ መምህሩ አንድ ቀን ጨመረብን፤ አልደረስሁም። ነገ ደግሞ የቡላ ክትባት ነው።»

«ሰኞ ይወጋ፤ ምን አስቸኮለው?»

«ሰኞማ የክትባት ምልክት የሌለውን ውሻ ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስወግዱበት ቀን ነው! ማስታወቂያውን እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያነበቡልኝ? ይውሰዱት፤ ከሐይቁ ዳር ከዋርካው ሥር ነው። ሰው ይበዛል፤ ቀስ ብለው። ነገሩ እርስዎ ያውቁበታል፤ የእርስዎን እጅ የሚመስል የለም።»

የመጨረሻዋ ቃል ወይዘሮ አገርነሽን እንደ እሾህ ወጋቻቸው። ሲና በአራት ዓመቷ እናቷን ቀብራ እሳቸው ጉያ ያደገች ናት። ከእሷ ሌላ ማንም የላቸውም። እጃቸው ምን እንዳደረገ ደግሞ ሲና አታውቅም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የወይዘሮ አገርነሽ የሰንበቴ ተራ ደርሶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ባለችው የሰንበቴ ቤት ይሰበሰባል፤ ባለተራዋ ዳቦውን፣ ንፍሮውን፣ ጠላውን ታቀርባለች፤ ካህኑ ይባርካሉ፣ ይቆረሳል። ስድሳ ሰው ነው። ወይዘሮ አገርነሽ ለደረቅ ቀን እንኳ የዝናብ ጭንቀት የማያጡ ሴት ናቸውና ሁለት ቀን ሙሉ ልባቸው አላረፈችም፤ ዳቦው ባይነሣስ፣ ጠላው ቢቀጥንስ፣ ንፍሮው ቢጠጥርስ እያሉ። ሁሉም አማረ። ድፎው የሠርግ መሰለ። ንፍሮው እንዳይቀዘቅዝ ድስቱን እዚያው ደጅ ላይ ጥደው አቆዩት። ሁሉን አስበው አንድ ነገር ዘነጉ፤ በሩን መዝጋት።

ካህኑ ሊባርኩ ገና ብድግ ሲሉ አንድ ቡላ ውሻ በሰው እግር መካከል ሾልኮ ገባና ከትልቁ ድፎ ጠርዝ ገምጦ ወጣ።

ለቀልድ ሥፍራ የማይመርጡት ወይዘሮ እናትዓለም፣ «በቃ፣ የአገርነሽን ዳቦ ዛሬ ውሻ ባርኮታል!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ወይዘሮ አገርነሽ ሳቁን ሰሙ። ከዚያ ወዲያ የሰሙት ነገር የለም። ወጥተው ከንፍሮው ድስት የሚፍለቀለቀውን ውኃ በጣሳ ቀዱ። ውሻው በሰው ተከቦ መውጫ አጥቶ ከግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ነበር። ዳቦውን ጥሎታል። ይህን አይተዋል፤ ዳቦውን ጥሎት ከፊቱ መሬት ላይ እንደወደቀ በዓይናቸው አይተዋል። ደፉበት።

የጮኸው ጩኸት የውሻ አይመስልም ነበር። ጀርባው ላይ እንፋሎት እየተነሣ አንዴ ዞር ብሎ አያቸውና በሰው መካከል ሰንጥቆ ጠፋ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ!» አሉ ሴቶቹ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ፣ የተንሸራተተ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ።

በሚያዝያ ደግሞ ሲና የሆነ ነገር በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በባጃጅ ይዛ ከተፍ አለች። ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል።

«እምዬ ይዩ! ይህን ጀርባ ይዩልኝ! ቁስሉ አልድን ብሎ ሸትቷል። የፈላ ውኃ ነው አለኝ ሐኪሙ። እንዲያው ምን ዓይነት አረመኔ ቢሆን ነው? ያ የደፋ እጅ ይቆረጥ!»

በእኛ አገር ምርቃትም ይሁን እርግማን ሲወርድ አፍ በራሱ ነው የሚመልሰው። ስድሳ ስምንት ዓመት የለመደ አፍ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

ካሉ በኋላ ነው ነጩን እግር ያዩት። ከነጩ እግር በኋላ የተሸረፈውን ጆሮ።

ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ቀኝ እጃቸው ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛል። ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷ «የዕድሜ ነው፣ እማማ» ብላ መለሰቻቸው። ምን ታውቃለች? አሜን መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ።

ለነፍስ አባታቸው ለአባ መርስዔ ኀዘን ተናዘዙ። ነገሩን ለማቅለል ያህል «መቼም ውሻ'ኮ ነው፣ አባቴ» አሉ።

«እሱስ ውሻ ነው። አንቺ ግን ሰው ነሽ» አሉ አባ መርስዔ ኀዘን። አርባ ስግደት አዘዙላቸው። «ስግደቱ ለእግዜር ነው። እርግማኑን ግን ያወረደችው ልጅቱ ናት፤ የምታነሣውም እሷው ናት። ንገሪያት።»

ስግደቱን በሦስት ቀን ጨረሱ። መንገሩ ይኸው ስድስት ወሩ። ዛሬ እነግራታለሁ ይላሉ፤ ሲና ከትምህርት ገብታ ቡላን አቅፋ ጠባሳውን ቅባት ስትቀባ ያይዋታል፤ ነገ ይሁን ይላሉ። ዓይኗን ብታዞርብኝስ? ጓዟን ጠቅልላ ከጓደኞቿ ጋር ብትከራይስ?

ቡላስ ያውቃቸው ይሆን? የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰው ጉድ ጉድ ሲሉ ከሩቅ ተጋድሞ ያያቸዋል። ምግቡን ሲያቀርቡለት አይነካም፤ ጀርባቸውን ሲሰጡት ብቻ ይበላል። ነጠላ ከደረቡ ግን ከአልጋው ሥር ነው። ሲና «ቤተ ክርስቲያን በሄዱ ቁጥር ምን ሆኖ ነው የሚደበቀው?» ስትል «እንጃ ልጄ፤ የውሻ ነገር» ይላሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋውም ሳይረሳ ሲቀር ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

እናም በዚያች ቅዳሜ ነጠላው ሚስማሩ ላይ ቀረ። ወይዘሮ አገርነሽ የሲናን ባለ ቆብ ሐምራዊ ሹራብ ከቀሚሳቸው በላይ አጠለቁ፣ ሻሻቸውን አሰሩ፣ ገመዱን ከቡላ አንገት አግብተው፣ እያማተቡ ወጡ።

ጥጉ ላይ ያለችው ባለሱቋ የሺአረግ ገና ከሩቅ አየቻቸው።

«ውይ እማማ አገርነሽ! ፔዳ ተመዘገቡ እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ! ብስኩት ስጪኝ።»

«ሐኪም ነው የሚሆኑት ኢንጂነር?»

«የውሻ እረኛ። ሁለት አድርጊው።»

እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ለወትሮው የአንድ የዳዊት መዝሙር ንባብ ያህል ነው፤ ያን ዕለት የሰባት ሆነ። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋ ቡላ ከአስፋልቱ ጋር ይለጠፋል። ሰው ከኋላ ሲመጣ ይዞራል። ወይዘሮ አገርነሽ ሲና ስትሄድ ጽፋ የተወችላቸውን ወረቀት በቃላቸው ይዘውታል፤ «ሲፈራ አይቆጡት። ገመዱን አይሳቡት፤ ቆመው ይጠብቁት። እንግዳ ሰው አይንካው። ሰው ሁሉ ክፉ አለመሆኑን ቀስ በቀስ ይማራል።» ያችን የመጨረሻዋን መስመር ማሰብ አይፈልጉም። ቆመው ይጠብቃሉ። ድልድዩ መካከል ላይ ቡላ ከብረቱ ሥር ተኮርምቶ አልነሣም ሲል መንገደኛው ሁሉ መካሪ ሆነ።

«እማማ፣ ይጎትቱት እንጂ! ውሻ'ኮ ነው!» አለ አንዱ ጎልማሳ።

«አንተን ልጎትትህ?» አሉት። «አሞት ይሆን ብሎ እንደመጠየቅ ይጎትቱት ይላል!»

ሰውየው እየሳቀ አለፈ። እሳቸው ግን ከሥራቸው ዓባይ እየተጥመለመለ ሲሄድ እያዩ «ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ለውሻ ጠበቃ የሆንሁት?» አሉ በሆዳቸው፣ አፈሩም።

ከዋርካው ሥር ሲደርሱ ሰው ከጠበቁት በላይ በዝቷል። ከየፋብሪካው ከየቢሮው ዕረፍት የወጣ ሰው ውሻውን ይዞ ተሰልፏል፤ ሐይቁን ሊያይ የመጣው ደግሞ ውሾቹን ያያል። ወይዘሮ አገርነሽ ከሰልፉ ጫፍ፣ ከሰው ራቅ ብለው ቆሙ። ከፊታቸው አንዲት የቢሮ ሠራተኛ የምትመስል ሴት ሕፃን ልጅ ይዛ ነበር። ሕፃኗ ወደ ቡላ እጇን ዘረጋች።

«አይ፣ እመቤቴ፣ አትንኪው» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

«ይነክሳል?»

«አይነክስም። ይፈራል።»

«ጀርባው ምን ሆኖ ነው?»

«ተቃጥሎ።»

«ማን አቃጠለው?»

ወይዘሮ አገርነሽ ወደ ሐይቁ ተመለከቱ። «አንዲት ሴትዮ።»

«ታሰረች?»

«አልታሰረችም።»

«ለምን?»

እናቷ «ኪዲ፣ በቃ! እማማን አትጨቅጭቂ» ብላ ጎተተቻት። ኪዲ ግን እየተጎተተች እንኳ ዓይኗን ከወይዘሮ አገርነሽ ላይ አላነሣችም። መልስ እንደምትጠብቅ ያህል።

ተራቸው ሲደርስ የሚከትበው ወጣት ሐኪም፣ ክንዱ ይባላል፣ ቡላን አይቶ አልቸኮለም። ተቀመጠ፣ ጀርባውን አዙሮ መርፌውን አዘጋጀ።

«እማማ፣ ይቀፉትና ዓይኑን ይሸፍኑለት። እርስዎን አይደል የሚያምነው?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቡላን ነክተውት አያውቁም። ከገመድ በቀር በመካከላቸው የነካቸው ነገር የለም። በርከክ አሉ፤ ግራ እጃቸውን ዓይኑ ላይ አደረጉ፤ ቀኛቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ጀርባው ላይ አሳረፉት። መዳፋቸው ጠባሳው ላይ ዋለ። ሻካራ ይመስላቸው ነበር። እንደ ሕፃን ልጅ ገላ የለሰለሰ ነው። ከሥሩ የቡላ ልብ ድም ድም ይላል፤ መርፌው ሲገባም አልጮኸ፣ አልተናከሰ፣ አፍንጫውን ብቻ በሐምራዊው ሹራብ እጅጌ ውስጥ ቀበረ። ሹራቡ ሲና ሲና እንደሚሸተው ያኔ ነው የገባቸው።

ሐኪሙ ቀይ ምልክቱን ቡላ አንገት ላይ አሰረለት። «ጎበዝ! እማማም ጎበዝ!» አለ።

ራቅ ብለው ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ብስኩት ሰበሩ። ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ፣ ገና ሳያዞሩ፣ ቡላ አንገቱን አሰገገና ከመዳፋቸው ላይ አነሣው። ዓይናቸው እያየ በላ። ወይዘሮ አገርነሽ መተንፈስ ፈሩ። ለሲና ደውዬ ልንገራት አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ይህን ነግሬያት ያንን ልደብቃት ነው? አሉና ስልኩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ያኔ ጀልባው ደረሰ።

ከደሴት ገዳም ተሳልሞ የሚመለስ ማኅበር ነበር፤ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ሴቶች፣ ሁሉም በነጭ። ነጠላቸውን በነፋሱ እያውለበለቡ፣ እልል እያሉ፣ የጠበል ጀሪካን ተሸክመው በአንድ ጊዜ ወደ ዳሩ ፈሰሱ። ወይዘሮ አገርነሽ ሲያዩት ሕዝብ ነው። ቡላ ሲያየው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ገመዱን በቀኝ እጃቸው ይዘውት ነበር። በደነዘዘው። ሲነጠቅ እንኳ በቅጡ አልተሰማቸውም።

ቡላ ገመዱን እየጎተተ በሴቶቹ እግር መካከል ገባ። አንዲቱ ወደቀች፤ ጀሪካኑ ተደፋ፤ ሊይዘው የሞከረውን ሰውዬ እጅ በጥርሱ ጫረው። «እብድ ውሻ! እብድ ውሻ ነው!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ያ ቃል ከተነሣ በኋላ ደግሞ ማን ይጠይቃል? ሰው ድንጋይ አነሣ። ቡላ ከዳሩ የተገለበጠች አሮጌ የደንገል ታንኳ ሥር ገብቶ ከድንጋይ ካቡ ጋር ተለጠፈ። መውጫ የለውም።

«የማን ውሻ ነው?» አለ አንድ የጀልባ ሠራተኛ፣ ድንጋይ በእጁ እንደያዘ። «ባለቤት የለውም?»

ወይዘሮ አገርነሽ ከአሥር እርምጃ ባልበለጠ ርቀት ላይ ነበሩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በሴቶቹ መካከል ወይዘሮ እናትዓለምን አዩ፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ የሰንበቴውን ማኅበርተኞች አራት አምስቱን። ወይዘሮ አገርነሽ ራሳቸው ደግሞ ነጠላ የላቸው፣ ያንዲት ኮረዳ ሹራብ ለብሰው። ማን እንደገፋቸው አያውቁም፣ እጃቸው ወጣና የሹራቡን ቆብ ግንባራቸው ላይ ሳበው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ታንኳዋን መታ። ሁለተኛው ከታንኳዋ ሥር ገባ። ጩኸቱ ያው ጩኸት ነው፤ የኅዳሩ።

«የእኔ ነው!» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። ድምፃቸው አልወጣም። እንደገና፣ «የእኔ ነው! ጣል ያንን ድንጋይ! ጣል ብዬሃለሁ!» ቆቡን ወዲያ ገፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከታንኳዋ ፊት ቆሙ። «አላበደም። ተከትቧል፤ ምልክቱን አታይም?»

«ሰውዬውን ነክሷል'ኮ፣ እማማ!»

«እናንተ ብትሆኑ አትነክሱም? እኔ ብሆን እነክስ ነበር!»

«እንዴ!» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም፣ ሰዉን እየገፉ ቀርበው። «አገርነሽ ነሽ እንዴ? ነጠላሽ የት ሄደ? ምን ዓይነት…» ከዚያ ጎንበስ ብለው ከታንኳዋ ሥር አዩ። «በስመ አብ! ይኼ ያ የሰንበቴው ውሻ አይደለም? ዳቦሽን የገመጠው? የንፍሮ ውኃ የደፋሽበት?»

ድንጋይ ይዞ የነበረው ሰው ወይዘሮ አገርነሽን አያቸው። ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ከዋርካው ሥር መጥቶ ቆሟል። ኪዲም ከእናቷ ጎን ቆማለች። ከሰዉ ሁሉ ዓይን የከበዳቸው የእሷ ነው።

«ያው ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የደፋሁበት። ዳቦውን ጥሎት ሳለ ነው የደፋሁበት። ነጠላ ለብሼ ነበር፤ ለዚህ ነው ነጠላ የሚፈራው። እባካችሁ ራቅ በሉለት። እናትዓለም፣ በሞቴ፣ ሴቶቹን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

«እኔም ስቄያለሁ» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም፣ ለራሳቸው ያህል ቀስ ብለው፤ ከዚያ ዞር ብለው «ምን ታያላችሁ? ተነሡ! ውሻ አይታችሁ አታውቁም?» እያሉ ሴቶቹን እንደ በግ ነድተው ወሰዷቸው። ሐኪሙ የተጫረውን ሰውዬ እጅ በሳሙና አሳጠበውና ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲታይ ነገረው። ሰዉም እያጉረመረመ ተበተነ።

ወይዘሮ አገርነሽ ለቡላ የሚያውቁለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ብስኩቱን ከታንኳዋ አፍ አኖሩ፤ ጥቂት ራቁ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ተቀመጡ። ፀሐይ ከአናታቸው ላይ ወጣች። አልዞሩም። አንገታቸው ደነዘዘ፤ አልዞሩም። ሰባ ጊዜ ያህል «እግዚኦ» ካሉ በኋላ ከኋላቸው ብስኩት ሲሰበር ሰሙ።

ሲና የመጣችው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። መምህሩ ቀደም ብሎ ለቋቸው፣ ከመነኸሪያ በቀጥታ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች።

«እምዬ! ይኼ ሹራብ የእኔ አይደለም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀዩን ምልክት አየች፤ ከእሳቸው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የተኛውን ቡላን አየች፤ በደስታ ጮኸች። ሐኪሙ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ሰምቷል፣ ግን ቀና ብሎ «አያትሽ ዛሬ ድንጋይ ፊት ቆመውለታል» ብቻ አለ። የቀረውን ለወይዘሮ አገርነሽ ተወላቸው።

ሲና ጎንበስ ብላ የአያቷን ቀኝ እጅ ይዛ ሳመች።

ወይዘሮ አገርነሽ እጃቸውን ፍም እንደነካው ነጠቋት።

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ሰዉ ተበትኗል። ውሻው ድኗል። እናትዓለምን ቢለምኗቸው አፋቸውን ይይዙ ነበር። ልጅቱ ፊቷ በርቶ እያየቻቸው ነው፤ እንዲህ በርቶ የሚያዩት የመጨረሻ ቀን ይህ ሊሆን ይችላል።

«ይህን እጅ አትሳሚ» አሉ። «ቡላን ያመጣሽው ዕለት የደፋ እጅ ይቆረጥ ብለሽ ነበር።»

«አዎ፤ እና?»

«አሜን አልሁ። እጁ የእኔ ነበር፣ ልጄ።»

ሁሉንም ነገሯት፤ ድፎውን፣ ሳቁን፣ ጣሳውን። ዛሬ የሹራቡን ቆብ ፊታቸው ላይ እንደሳቡም ሳይቀር። ሲና አላቋረጠቻቸውም። የፊቷ መብራት ቀስ በቀስ ሲጠፋ አዩት። ሲጨርሱ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዳቦውን ጥሎት ነበር?»

ለሰንበቴው ክብር፣ ለስድሳው ሰው፣ ለሳቁ የሚሆን ምክንያት አዘጋጅተው ነበር። ሁሉንም ተዉት።

«ጥሎት ነበር።»

ሲና ገመዱን አነሣችና ተራመደች። ቡላ ተከተላት። ወይዘሮ አገርነሽ ከኋላ፣ ነጠላ እንደሌላቸው፣ በሰው መካከል። ያ ሁሉ እንግዳ ሰው የሚያየው ምን ይሆን? አሮጊት ሐምራዊ ሹራብ ለብሳ ልጅና ውሻ ተከትላ ስትሄድ። ቢያውቁ ኖሮ፣ አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ይወቁ፣ አሉ። ከሁሉ የከበዳቸው የሲና ጀርባ ነው፤ አንዴም ዞር አላለም። ታግሦ መጠበቅን ዛሬ ቡላን ያስተማሩት መስሏቸው ነበር፤ ለካ እሱ ነው ያስተማራቸው። ቆመው ይጠብቁት፤ ገመዱን አይሳቡት። ዝም ብለው ተከተሏት።

ድልድዩ መካከል ላይ፣ ቡላ ጠዋት ተኮርምቶ በነበረበት ቦታ፣ ሲና ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። አላየቻቸውም፤ ወደ ወንዙ እያየች ነው።

«ተናድጃለሁ፣ እምዬ» አለች። «ዛሬ አይበርድልኝም። ነገም የሚበርድልኝ አይመስለኝም።»

«ይሁን ልጄ። ይሁን።»

«እርግማኑን ግን…» ገመዱን ወደ እሳቸው ዘረጋች። ወይዘሮ አገርነሽ ግራ እጃቸውን ሰጡ።

«በግራዎ አይደለም» አለች ሲና። «በቀኝዎ ይያዙት።»

በቀኛቸው ያዙት። ሁለት ዙር ጠመጠሙት። ከኋላ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋ፤ ቡላ ደንግጦ ወደ ፊት ሳበ፤ ገመዱ የደነዘዘ መዳፋቸውን ፈተገው። አመማቸው፤ ከስንት ወር በኋላ በደንብ አመማቸው። አልለቀቁም።